መተግበሪያዎን ከሜይልቺምፕ ጋር ሲያገናኙ

አንድ አነስተኛ የሕፃናት መጻሕፍት መሸጫ መተግበሪያ ሠርተዋል እንበል። ገዢዎችዎ ልጆቻቸው ፊደል እንዲቆጥሩ የሚፈልጉ ወላጆች ናቸው፤ ገሚሶቹ አዲስ አበባ፣ ገሚሶቹ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ቴል አቪቭ ይኖራሉ። የክፍያው ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፦ «አዲስ መጽሐፍ ሲወጣ በኢሜይል ንገሩኝ»። ወላጁ ሳጥኗ ላይ ምልክት ያደርጋል። ከዚያስ?

ብዙ ቦታ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የሚሠራው በእጅ ነው። አንድ ሠራተኛ በየሳምንቱ አርብ አድራሻዎቹን ከዳታቤዝ ወደ ኤክሴል ያወጣና የኢሜይል መላኪያው ላይ ይጭናቸዋል። አሠራሩ አድካሚ መሆኑ ቀላሉ ችግር ነው። ከባዱ፣ ማክሰኞ ዕለት «ከእንግዲህ አትላኩልኝ» ያለ ሰው አርብ በተጫነው ፋይል ተመልሶ ሊገባ መቻሉ ነው። ሁለቱን ሥርዓቶች በኤፒአይ የምናገናኛቸው በዋናነት ለዚህ ነው፤ ሰው የሰጠው ፈቃድም፣ መልሶ የወሰደው ፈቃድም ሳይዘገይ ሁለቱም ዘንድ እንዲደርስ። ይህን መመሪያ ሲከተሉ ኮድ የሚጻፍበት ክፍል አጭር መሆኑን ያያሉ። ሐሳብ የሚጠይቀው የፈቃዱ ጉዳይ ነው።

ምሳሌ ያደረግሁት ሜይልቺምፕን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አትላንታ ውስጥ የተጀመረና በ2021 ኢንቱይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የገዛው አገልግሎት ሲሆን፣ የምንጠቀመው ማርኬቲንግ ኤፒአይ የተባለውን በር ነው፤ ስሪቱ 3.0። በሌላ መላኪያ የሚሠሩ ከሆነም የመስኮቹ ስም ይለያይ እንጂ አካሄዱ ተቀራራቢ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማስታወሻ። የኮድ ቃላትን እዚህ በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። እርስዎ ኮድዎ ውስጥ በላቲን፣ በትንንሽ ፊደላት ይጻፏቸው፤ እንደ «ስታተስ ኢፍ ኒው» ያሉ ተያያዥ ቃላት መካከል ክፍተት ሳይሆን አንደርስኮር ይግባ። የስም መስኮቹ ግን በትልልቅ ፊደላት ነው የሚጻፉት፤ እነሱ ጋ ስንደርስ እነግርዎታለሁ።

ዝርዝሩና ቁልፉ

ሜይልቺምፕ የተመዝጋቢዎችን መዝገብ ድረ ገጹ ላይ «ኦዲየንስ» ይለዋል። ኤፒአዩ ግን በቀድሞ ስሙ «ሊስትስ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው። አንድ ኦዲየንስ ብቻ ይክፈቱ። ለአዲስ አበባ አንድ፣ ለአሜሪካ አንድ እያሉ ሁለት ሦስት መክፈት ያጓጓል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሁለቱም ውስጥ ካለ ሁለት ጊዜ ይቆጠርብዎታል፣ ከአንዱ ሲወጣም ከሌላው አይወጣም። «ውጣ ብዬ ወጥቻለሁ» ብሎ የሚያምን ሰው ደብዳቤ እየደረሰው ይቀጥላል ማለት ነው። ሰዎችን በአገር ወይም በፍላጎት መለየት ሲፈልጉ «ታግ» አለልዎት።

ኦዲየንሱን ከፈጠሩ በኋላ በሴቲንግስ ውስጥ መለያ ቁጥሩን ያገኛሉ፤ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት አጭር ጽሑፍ ነው። ይያዙት። ቀጥሎ ወደ ፕሮፋይልዎ ይሂዱና ኤክስትራስ በሚለው ሥር የኤፒአይ ቁልፍ ያውጡ። ቁልፉ በሙሉ የሚታየው አንድ ጊዜ፣ ሲፈጠር ብቻ ስለሆነ ያኔውኑ ቅዱት። መጨረሻው ላይ ከሰረዝ ቀጥሎ ዩኤስ6 ወይም ዩኤስ21 የመሰለ ነገር ያያሉ። አካውንትዎ የሚገኝበት ዳታ ሴንተር ስም ነው፤ የኤፒአዩ አድራሻ የሚጀምረውም በእሱ ነው። ከኤችቲቲፒኤስ ቀጥሎ ይህ ስም፣ ነጥብ፣ ኤፒአይ፣ ነጥብ፣ ሜይልቺምፕ፣ ነጥብ፣ ኮም፣ ከዚያ ስላሽና 3.0 ይመጣል።

ይህ ቁልፍ የይለፍ ቃል ነው። የያዘው ሰው የደንበኞችዎን ስምና አድራሻ በሙሉ ማንበብ፣ በስምዎም ደብዳቤ መላክ ይችላል። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ አይጻፍ፤ ሰርቨሩ ላይ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይቀመጥ። ጊትሃብ ላይ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ከወጣ ቁልፉን ሰርዘው ሌላ ያውጡ፤ ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፣ የቀድሞው ቅጂ በታሪኩ ውስጥ ይቀራል። የሞባይል መተግበሪያው ውስጥም ፈጽሞ አይግባ። የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል በቀላሉ ይፈታል፤ ውስጡ የተደበቀ ቁልፍ አልተደበቀም። ከድረ ገጽ ጃቫስክሪፕት በቀጥታ መጥራትም አይቻልም፤ ሜይልቺምፕ ከብሮውዘር የሚመጣ ጥሪን አይቀበልም። መንገዱ አንድ ነው፦ ስልኩ ወይም ገጹ ለእርስዎ ሰርቨር ይናገራል፣ የእርስዎ ሰርቨር ለሜይልቺምፕ።

የመጀመሪያው ጥሪ

መዝገብ ከመንካትዎ በፊት በሩ መከፈቱን ይፈትሹ። ፒንግ የሚባለውን መንገድ በጌት ይጥሩ። ማረጋገጫው ቤዚክ ኦተንቲኬሽን ነው፤ የተጠቃሚ ስም ቦታ ላይ የፈለጉትን ቃል፣ የይለፍ ቃል ቦታ ላይ ቁልፉን ያስገቡ። ሁሉም ነገር ደህና ከሆነ «ኤቭሪቲንግስ ቺምፒ» የሚል መልስ ይመጣል። 401 ከመጣ ቁልፉ ሲቀዳ ክፍተት ተጨምሮበት ወይም ጫፉ ተቆርጦ እንደሆነ ይዩ፤ አድራሻው ላይ ያለው ዳታ ሴንተርና የቁልፉ መጨረሻ መመሳሰላቸውንም ያረጋግጡ። ይህን ጥሪ ለሰርቨርዎ ጤና መከታተያም ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ፈቃዱን መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ ይመዝግቡ

አሁን ቶሎ ብሎ አድራሻ መላክ ያምራል። ትንሽ ይቆዩ። የራስዎ ዳታቤዝ ውስጥ የፈቃድ ሠንጠረዥ ይሥሩ። ኢሜይሉን፣ ፈቃዱ የተሰጠበትን ሰዓት፣ ሳጥኗ አጠገብ ተጽፎ የነበረውን ዓረፍተ ነገር፣ የተሰጠበትን ገጽና የአይፒ አድራሻውን ይያዙ። ዓረፍተ ነገሩን መያዝ ትርፍ ሥራ አይምሰልዎ። ዛሬ «አዲስ መጽሐፍ ሲወጣ» ብለው ያስፈረሙትን ሰው፣ ከዓመት በኋላ ሳጥኗ ወደ «ማስታወቂያና ዜና» ስትቀየር፣ በአዲሱ ቃል ሊይዙት አይችሉም። እሱ የተስማማው በቀድሞው ነው።

ሰዓቱን በዩቲሲ ይያዙት። አዲስ አበባ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚባለው ለኮምፒውተሩ 9 ነው፣ በዩቲሲ ደግሞ 6። ሰው የሚያነበው ገጽ ላይ እንደ ልማዳችን ያሳዩት፣ ዳታቤዙ ውስጥ ግን አንድ ሰዓት ብቻ ይኑር።

ሳጥኗ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎባት አትቅረብ። በአውሮፓ ለሚኖሩ ደንበኞች እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራው ጂዲፒአር የተባለ የዳታ ጥበቃ ሕግ ይህን ይከለክላል። አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ ዳታ ወደ ውጭ አገር ሲተላለፍ የሚመለከቱ ድንጋጌዎች አሉት፣ ሜይልቺምፕ ደግሞ የአሜሪካ አገልግሎት ነው። የግላዊነት መግለጫዎ ላይ ስማቸውና ኢሜይላቸው ወደዚያ እንደሚሄድ ሰዎች በሚገባቸው አማርኛ ይጻፉ። ለአሜሪካ ደንበኞች የሚላክ የንግድ ደብዳቤ የላኪውን የፖስታ አድራሻና መውጫ መንገድ መያዝ አለበት፤ የእ.ኤ.አ. 2003ቱ ካን-ስፓም ሕግ የመውጣት ጥያቄ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ያዛል። እርስዎ ግን በሰከንዶች ውስጥ ማድረስ ይችላሉ፣ ያድርሱትም።

አድራሻውን ማዘጋጀት

ሜይልቺምፕ እያንዳንዱን ሰው የሚያውቀው «ሰብስክራይበር ሃሽ» በሚባል ምልክት ነው። ኢሜይሉ ወደ ትንንሽ ፊደላት ከተለወጠ በኋላ በኤምዲ5 ሲሰላ የሚወጣው 32 ቁምፊ ማለት ነው። ትንንሽ ማድረጉን ከረሱ ሌላ ምልክት ይወጣል፣ የሚፈልጉት ሰውም «የለም» ተብሎ 404 ይመጣል። ከማስላትዎ በፊት ከፊትና ከኋላ ያለውን ክፍተት ያጽዱ፤ ሰዎች አድራሻቸውን ከቴሌግራም ሲቀዱ ዓይን የማያየው ቁምፊ አብሮ ይመጣል። በአማርኛ ኪቦርድ ሲጻፍ ደግሞ ነጥቡ አራት ነጥብ ሆኖ ሊገባ ይችላል። የመጻፊያ ሳጥኑን ዓይነት «ኢሜይል» ያድርጉት፤ ስልኩ ለአድራሻ የሚመች ኪቦርድ ያወጣል። የጂሜይል መጨረሻ «ኮም» ሳይሆን «ኮን» ተብሎ ሲጻፍም «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። በራስዎ ሥልጣን ግን አያርሙ።

የሰውየው ሁኔታ

አሁን ወደ ልቡ ደረስን። በሜይልቺምፕ ውስጥ እያንዳንዱ ተመዝጋቢ ስታተስ አለው። ሰብስክራይብድ ማለት ደብዳቤ ይደርሰዋል። አንሰብስክራይብድ ወጥቷል። ፔንዲንግ ማረጋገጫ ተልኮለት መልሱ እየተጠበቀ ነው። ክሊንድ አድራሻው ደብዳቤ አልቀበል ብሎ በሥርዓቱ የተወገደ ነው። ትራንዛክሽናል ደግሞ ዕቃ ገዝቶ ለማስታወቂያ ያልተመዘገበ ሰው ነው።

ሰው ለመጨመር ሁለት መንገድ አለ። በፖስት ወደ ኦዲየንሱ ሜምበርስ ከላኩ አዲስ ሰው ይጨምራል፤ ሰውየው ቀድሞ ካለ «ሜምበር ኤግዚስትስ» ብሎ ይመልስዎታል። በፑት ደግሞ ከሜምበርስ ቀጥሎ ሃሹን ጨምረው ይልካሉ፤ ሰውየው ከሌለ ይጨምረዋል፣ ካለ ያድሰዋል። ፑትን ይጠቀሙ። አንድ ጥሪ ሁለት ጊዜ ቢደርስ ጉዳት የለውም፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ፑት ውስጥ ግን ሁለት የሚመሳሰሉ መስኮች አሉ። «ስታተስ» ሰውየው አዲስም ይሁን ነባር ሁኔታውን ይለውጣል። «ስታተስ ኢፍ ኒው» የሚሠራው ሰውየው አዲስ ሲሆን ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ መመሪያ ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጣል።

ከዓመታት በፊት ለአንድ የሥልጠና ተቋም በሠራሁት ሥርዓት ላይ በዚህ ተሳስቻለሁ። ተማሪው ስልክ ቁጥሩን ወይም አድራሻውን ባስተካከለ ቁጥር ኮዴ መረጃውን በፑት ይልክ ነበር፣ ስታተስን ሰብስክራይብድ እያደረገ። በስልክ ጠይቀውን እኛው በኤፒአይ ያስወጣናቸው ሰዎች መዝገባቸው በተነካ ቁጥር ተመልሰው ገቡ። አንዲት እናት ደወሉ። «ልጄ ትምህርቱን አቋርጧል፤ ደብዳቤያችሁ በመጣ ቁጥር ያንኑ ያስታውሰኛል ብዬ ነግሬያችሁ ነበር» አሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ከአንድ መስክ የመጣ ጥፋት። ከዚያ ወዲህ ለስታተስ የሚሆን ኮድ ስጽፍ የሳቸው ድምፅ ከጆሮዬ አይጠፋም።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ወላጁ ሳጥኗ ላይ ምልክት ሲያደርግ መጀመሪያ ሃሹን በጌት ይጠይቁ። 404 ከመጣ ሰውየው አዲስ ነው፤ በፑት «ስታተስ ኢፍ ኒው»ን ፔንዲንግ አድርገው ይላኩ፣ «ስታተስ»ን አይጨምሩ። ሰብስክራይብድ ሆኖ ካገኙት ስሙን ብቻ ያድሱ፤ ፔንዲንግ ብለው ከላኩበት አባል የነበረውን ሰው እንደገና አረጋግጥ ማለትዎ ነው። አንሰብስክራይብድ ከሆነና አሁን በገዛ እጁ ሳጥኗን ከነካ፣ ያኔ ብቻ «ስታተስ»ን ፔንዲንግ ያድርጉ፤ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ከተመለሰ በራሱ ፈቃድ ተመለሰ። በቀጥታ ሰብስክራይብድ ለማድረግ ቢሞክሩ፣ ራሱ በደብዳቤው ግርጌ ባለው ሊንክ የወጣ ከሆነ «ሜምበር ኢን ኮምፕላያንስ ስቴት» የሚል እምቢታ ሊገጥምዎ ይችላል። በዚህ ግንብ ግን አይታመኑ፤ እርስዎ በኤፒአይ ያስወጡትን ሰው ላይጠብቀው ይችላል። ሳጥኗ ካልተነካች ስለ ስታተስ ምንም አይላኩ። ያልተነካች ሳጥን «አስወጡኝ» ማለት አይደለችም፤ «መዝግቡኝ» ማለትም አይደለችም። የመገለጫ ገጹ ላይ ገብቶ ደንበኝነቱን ካጠፋ ግን አንሰብስክራይብድ ብለው ወዲያው ይላኩ።

ፔንዲንግ ለምን? አንዳንድ ሰው «ማረጋገጫ ስንጠይቅ ግማሹ ይቀራል» ብሎ ይፈራል። ይቀራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን እኛ አገር ብዙ ሰው ኢሜይሉን የከፈተለት ስልኩን የሸጠለት ሰው ወይም የወንድሙ ልጅ ነው፤ አድራሻውን በትክክል የማያስታውስ፣ ከፍቶም የማያይ አለ። ተሳስቶ የጻፈው አድራሻ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የማረጋገጫ ደብዳቤ ያን የማያውቁትን ሰው ይጠብቀዋል። ደብዳቤውንና ገጾቹን በሜይልቺምፕ የፎርም ማስተካከያ ውስጥ ወደ አማርኛ ይመልሷቸው፤ እንግሊዝኛ የሆነ «አረጋግጥ» ከማያውቁት ቦታ ሲመጣ አጭበርባሪ የላከው ይመስላል። የክፍያው ገጽ ላይም «ኢሜይልዎን ከፍተው ያረጋግጡ፤ ካላዩት ስፓም ውስጥ ይፈልጉ» የሚል መስመር ይኑር።

ስምና የልደት ቀን

ሜይልቺምፕ የሰውየውን ዝርዝር በ«መርጅ ፊልድስ» ይይዛል። አዲስ ኦዲየንስ ኤፍኔም እና ኤልኔም የሚባሉ መስኮች ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ ናቸው በትልልቅ የላቲን ፊደላት የሚጻፉት። የራስዎን መስክ ሲጨምሩ ምልክቱ ከ10 ቁምፊ አይበልጥም።

ችግሩ ኤልኔም የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ መሆኑ ነው። ሰላማዊት ታደሰ የምትባል ደንበኛ ብትኖርዎ ታደሰ አባቷ ናቸው። ከውጭ የተቀዳ የደብዳቤ ሞዴል «ውድ ወይዘሮ» ብሎ ኤልኔምን ከጠራ አባቷን ወይዘሮ አላቸው። ለአማርኛ ደብዳቤ ሰላምታው ውስጥ ሁልጊዜ ኤፍኔምን ይጠቀሙ፤ ማዕረግ ከፈለጉ «ማዕረግ» የሚል ሌላ መስክ ከፍተው ደንበኛው ራሱ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት፣ ዶክተር፣ ቄስ፣ ሐጂ ብሎ ይምረጥ። ፎርምዎም «የመጀመሪያ ስም፣ የመጨረሻ ስም» ሳይሆን «ስም፣ የአባት ስም» ይበል። አንድ ሳጥን ሰጥተው በክፍተት ለመቁረጥም አይሞክሩ፤ ገብረ መድኅን፣ ወልደ ሰማያት፣ ሣህለ ማርያም ብለው ስማቸውን ለይተው የሚጽፉ ሰዎች «ገብረ» ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ስም የሌለው ሰው ሲኖር ደግሞ «ውድ» ከሚለው ቀጥሎ ባዶ እንዳይቀር ለመስኩ መነሻ ቃል ይስጡት፤ «አንባቢያችን» ይበቃል። ግሦቹንም በአክብሮት ቅርጽ ከጻፏቸው፣ «እንኳን ደህና መጡ» እንደሚባለው፣ ጾታ ሳይጠይቁ ሁሉንም ያስተናግዳሉ።

ስሙን በፊደል መላክ ምንም አያስቸግርም። ጄሰኑ በዩቲኤፍ-8 ይሂድ እንጂ። በፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክቶች ካዩ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የራስዎ ዳታቤዝ ወይም ፋይል ነው። ሰውን በስም ለማመሳሰል ግን አይሞክሩ፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። መለያው ኢሜይሉ ነው።

የልደት ቀን የሚሰበስቡ ከሆነ፣ ለልጆች መጻሕፍት ደግሞ የልጁን ልደት መያዝ ደስ የሚል ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። የልደት መስኩ የሚቀበለው በፈረንጆች አቆጣጠር ወር ቀድሞ ቀን የሚከተልበትን አጻጻፍ ነው። አንዲት እናት የልጇን ልደት ጥር 11 ብትልዎ፣ ጥር 5ኛ ወር ነውና 05/11 ሆኖ ቢላክ ሥርዓቱ ያለ ማጉረምረም ይቀበለዋል፤ ግንቦት ላይ ሜይ 11 አድርጎ። ትክክለኛው በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ነው፤ የጥምቀት ዕለት የተወለደ ልጅ «እንኳን ተወለድክ» የሚባለው ከጥምቀት አራት ወር ገደማ ዘግይቶ ይሆናል። ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ ደግሞ 13/03 ሆኖ ከተላከ ጥሪው ይወድቃል፤ ይኸኛው ቢያንስ ስህተቱን ያሳያል። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 8 ነው። ስለዚህ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነዓመቱ ይቀበሉ፣ በሰርቨርዎ ላይ ይለውጡ። ዓመቱ የሚያስፈልገው መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ስለሚውል ነው።

ታግን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ከሃሹ ቀጥሎ ታግስ ወደሚለው መንገድ በፖስት የታጉን ስምና «አክቲቭ» ብለው ይልካሉ፤ ባዶ መልስ ከ204 ጋር ይመጣል። «አክቲቭ»ን «ኢንአክቲቭ» ካደረጉት ይነሳል። ደንበኛው ሲያነበው የሚያስከፋውን ታግ አይስጡት።

ክፍያው ሜይልቺምፕን አይጠብቅ

ወላጁ በቴሌብር ከፍሎ «ጨርስ» ሲል ሰርቨርዎ በዚያው ቅጽበት ሜይልቺምፕን ጠርቶ መልስ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የአትላንቲክ ማዶ አንድ ሰርቨር ሲዘገይ የመጽሐፍ ሽያጭዎ ይቆማል። ፈቃዱን በሠንጠረዥዎ ይመዝግቡ፣ «ይላክ» የሚል ተራ ውስጥ ያስገቡ፣ ለደንበኛው ደረሰኙን ይስጡት። ከጀርባ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ተራውን እያነበበ ይልካል።

ይህ ፕሮግራም ተራው ላይ የተቀመጠውን የቆየ ትእዛዝ ሳይሆን በሚልክበት ሰዓት የፈቃድ ሠንጠረዡ የሚለውን ይላክ። ሰውየው ጠዋት ተመዝግቦ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ፣ ከሰዓት በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ ማታ የሚደርሰው የጠዋቱ ቃሉ መሆን የለበትም።

ሜይልቺምፕ በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ ግንኙነት አይፈቅድም፤ ካለፉ 429 ይልካል። ያኔና 500 ቤት ያሉ ስህተቶች ሲመጡ ጥቂት ቆይተው ይሞክሩ፤ መጀመሪያ 2 ሰከንድ፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8 እያሉ። 400 ግን ተደጋግሞ ቢላክም አይሳካም። መልሱ ውስጥ «ታይትል» እና «ዲቴይል» የሚባሉ መስኮች ምክንያቱን ይነግሩዎታል፤ ሎግ ላይ ይጻፏቸው። ኢሜይሉን በሙሉ ሎግ ላይ መጻፍ ግን አያስፈልግም፣ ሃሹ ይበቃል።

የመልሱ መንገድ

እስካሁን የሠራነው ከእርስዎ ወደ ሜይልቺምፕ የሚሄደውን ነው። ሰዎች የሚወጡት ግን ብዙውን ጊዜ ደብዳቤው ግርጌ ካለው ሊንክ ነው፤ ያን የሚያውቀው ሜይልቺምፕ ብቻ ነው። ዌብሁክ ያስፈልግዎታል። በኦዲየንሱ ሴቲንግስ ውስጥ የሰርቨርዎን አድራሻ ያስገባሉ፤ ሜይልቺምፕ መጀመሪያ በጌት ጠርቶ መኖሩን ያያል፣ ስለዚህ ያ አድራሻ ለጌትም 200 ይመልስ። ከዚያ ሰው ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ኢሜይሉን ሲለውጥ ወይም አድራሻው ክሊንድ ሲሆን በፖስት ይነግርዎታል። መረጃው የሚመጣው በጄሰን ሳይሆን በፎርም መልክ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል።

ጥሪው ከሜይልቺምፕ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ፊርማ አይመጣበትም። ስለዚህ አድራሻው ውስጥ ረጅምና የማይገመት ምስጢራዊ ቃል ያካትቱ፤ ያ ቃል የሌለበትን ጥሪ አይቀበሉ። ምንጩን ሲመርጡም ተጠቃሚውና አስተዳዳሪው የሚያደርጉትን ይቀበሉ፣ በኤፒአይ የሆነውን ይተዉ፤ አለዚያ ራስዎ የላኩት ለውጥ ተመልሶ ይመጣብዎታል።

ሰርቨርዎ መብራት ጠፍቶበት ወይም እየታደሰ ሳለ የመጣ ዌብሁክ ሊያመልጥዎ ይችላል። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት «ሲንስ ላስት ቼንጅድ» በሚለው መለኪያ ከትናንት ወዲህ የተለወጡትን አባላት ያምጡ፤ በአንድ ጥሪ እስከ 1000 ሰው ይመጣል። የእርስዎ ሠንጠረዥና የሜይልቺምፕ መዝገብ ካልተስማሙ «ወጥቷል» የሚለው ያሸንፍ። በስህተት የወጣ ሰው መልሶ መመዝገብ ይችላል፤ በስህተት የገባው ግን እምነቱን ነው የሚያጣው።

ሰው «መረጃዬን በሙሉ አጥፉ» ካለ ዲሊት አይበቃም፤ ዲሊት ወደ ማኅደር ያዛውራል እንጂ አያጠፋም። ከሃሹ ቀጥሎ አክሽንስ፣ ከዚያ ዲሊት ፐርማነንት የሚለውን (እዚህ መካከሉ ላይ የሚገባው አንደርስኮር ሳይሆን ሰረዝ ነው) በፖስት ይጥሩ። ከዚያ በኋላ ያን አድራሻ በኤፒአይ መመለስ አይችሉም፤ ቢሞክሩ «ፎርጎትን ኢሜይል» ብሎ ይከለክልዎታል።

የድሮውን ኤክሴል በተመለከተ

እስከ 500 ሰው በአንድ ጥሪ መጫን ይቻላል፤ ፖስት በቀጥታ ወደ ኦዲየንሱ መለያ፣ ውስጡ የሜምበርስ ዝርዝር። ነገር ግን ከመጫንዎ በፊት እያንዳንዱ ሰው መቼ፣ ለምን እንደተመዘገበ ማሳየት ይችላሉ? ከቢዝነስ ካርድ፣ ከስልክ ማውጫ፣ ከሠርግ ጥሪ ዝርዝር የተሰበሰበ አድራሻ ፈቃድ አይደለም። የማያውቋቸውን ይተዉአቸው። ለመላክ ጂሜይል ሳይሆን የራስዎን ዶሜን ይጠቀሙ፣ ዲኬአይኤምና ዲማርክ የተባሉትን የላኪ ማረጋገጫዎች ያስተካክሉ። ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በብዛት ለሚልኩ ሰዎች ይህን፣ በአንድ ጠቅታ መውጣትንም ግዴታ አድርገዋል።

መጨረሻ ላይ በራስዎ አድራሻ ይፈትኑት። አንድ መጽሐፍ ይግዙ፣ ሳጥኗን ይንኩ፣ የአማርኛው ማረጋገጫ ደርሶ እንደሆነ ይዩ፣ ያረጋግጡ። ለራስዎ ብቻ የሚደርስ እውነተኛ ደብዳቤ ይላኩና ግርጌው ላይ ባለው ሊንክ ይውጡ። ዳታቤዝዎን ከፍተው መውጣትዎ መመዝገቡን ይመልከቱ። አሁን እንደገና ይግዙ፣ ሳጥኗን ሳይነኩ። ስልክ ቁጥርዎን ይቀይሩ። የአባት ስምዎን ያስተካክሉ። ከዚያ ሜይልቺምፕ ውስጥ ገብተው ስምዎን ይፈልጉ፤ ከጎኑ አሁንም አንሰብስክራይብድ የሚል ካነበቡ መተግበሪያውን ለደንበኞችዎ መክፈት ይችላሉ።